72 ጊዜ ያነሰ ቀለም

ስፒትፋየር የተባለው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ከአንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ሌላው 11.2 ሜትር ገደማ ነበር። ኤርፊክስ ኩባንያ ባወጣው የፕላስቲክ ሞዴል ልኬት፣ ማለትም በ1/72፣ ይህ ስፋት 15.6 ሴንቲሜትር ይሆናል። ክንፉ ሲያንስ ታዲያ ቀለሙም አብሮት መሳሳት አለበት። ሞዴሉን የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ውፍረት ያለው ቀለም ብናለብሰው፣ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ7 ሚሊሜትር በላይ እንደለቀለቅን ይቆጠራል። በፕላስቲኩ ላይ በጥንቃቄ የተቀረጹት የቆርቆሮ መጋጠሚያ መስመሮችም ይደፈናሉ።

ኤርብራሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ፣ ከኮምፕረሰር ጋር በቱቦ የተያያዘ መርጫ ነው፤ በአፉ በኩል በኃይል የሚያልፈው አየር ቀለሙን ስቦ ወደ ጉም ይበትነዋል። አብዛኞቹ ሞዴል ሠሪዎች የሚመርጡት ባለ ሁለት ተግባር የሆነውን ነው፦ ቁልፉ ወደ ታች ሲጫኑት አየር፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ደግሞ ቀለም ይለቃል።

ከቀለም በፊት ግን ፕራይመር አለ፤ ለእኔ የሥራው ወሳኝ ክፍል ይህ ነው። ሞዴሉ አስቀድሞ በለብታ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ የጣት ቅባትና ከፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ የቀረ ዘይት ቀለም አያስይዝም። ግራጫው ፕራይመር ልሙጡን ፕላስቲክ ቀለም እንዲይዝ ያደርገዋል፤ ከዚያም በላይ ጉድለትን ያጋልጣል። የአካሉ ግራና ቀኝ የተጣበቁበት መስመር፣ የተረሳ ጭረት፣ የፈሰሰ ማጣበቂያ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ሲለብሱ ፍጥጥ ብለው ይወጣሉ። ያኔ መድፈን፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ ፕራይመሩንም መድገም ነው። ይህን የዘለለ ሰው ቀለሙ ጉድለቱን ይሸፍንልኛል ብሎ አይጠብቅ።

ቀለሙ ወተት እስኪመስል በቲነር ይቀጥናል። ርቀትና የአየር ግፊት እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፦ ከሩቅ ከተረጨ ቀለሙ አየር ላይ ደርቆ ገጹን ያሻክረዋል፣ በጣም ከተጠጋ ደግሞ ይንጠባጠባል። እጅ ሳይቆም መንቀሳቀስ፣ መርጨቱንም ከክንፉ ውጭ ጀምሮ ከክንፉ ውጭ መጨረስ ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ ለመሸፈን መቸኮል አይገባም፤ ፕራይመሩ የሚታይባቸው ስስ ሽፋኖች እየደረቁ ይደራረባሉ። እ.ኤ.አ. በ1940 ለተዋጋው ስፒትፋየር በመጀመሪያ ፈዘዝ ያለው የሆድ ቀለም ይረጫል፤ እሱ በቴፕ ተሸፍኖ ከላይ ቡናማው፣ በመጨረሻም አረንጓዴው ይከተላል።

ተለጣፊ ምልክቶቹ ከመቀመጣቸው በፊት አንጸባራቂ ቫርኒሽ ግድ ነው። ሻካራ ቀለም ላይ ሲለጠፉ ከሥራቸው አየር ታፍኖ ብርማ ሆኖ ይታያል። ሲደርቁ የማያንጸባርቅ ቫርኒሽ ይረጭባቸዋል።

ጉሙ ሳንባ ውስጥ ስለሚገባ፣ ቀለሙ በውሃ የሚቀጥን ቢሆን እንኳ፣ መስኮት መክፈትና ለቀለም የተሠራ ጭምብል ማድረግ ያስፈልጋል። መርጫውም እዚያው ይታጠብ፦ በውስጡ ባለው መርፌ ጫፍ ላይ የደረቀች ቅንጣት በሚቀጥለው ክንፍ ላይ ቀለሙን እያንጠባጠበች ታበላሸዋለች።