የግቢ ጉድጓድ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም

የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ከተሞቻችን የግቢ ጉድጓድ የብዙ ቤተሰብ መከታ ነው። ልብስ ይታጠብበታል፣ ቤት ይወለወልበታል፤ ቧንቧው ሲጠፋ ደግሞ ለወጥም ለመጠጥም ይውላል። ሕጉም ይህን ውሃ ለባለቤቱ ትቶለታል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ቢደነግግም፣ በእጅ ጉድጓድ ቆፍሮ መጠቀምን ከፈቃድ ነጻ አድርጓል። ለገጠሩ ገበሬ ይህ ተገቢ ነው፤ ለእንስራ ውሃ ፈቃድ ፍለጋ ወረዳ ይመላለስ የሚል አይኖርም። የሚያሳስበው፣ ይኸው ነጻነት ቤት ከቤት በተጣበቀበት ከተማም ማንም ሳይከታተለው መቀጠሉ ነው።

በውሃ ጉድጓድና በሽንት ቤት መካከል ቢያንስ 30 ሜትር እንዲኖር በሰፊው ይመከራል። ወርዱ 10፣ ቁመቱ 20 ሜትር በሆነ ባለ 200 ካሬ ግቢ ግን ከጥግ እስከ ጥግ ያለው ርቀት 22 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ባለቤቱ የፈለገውን ያህል ቢጠነቀቅ ምክሩን በራሱ ይዞታ ሊፈጽመው አይችልም። የጎረቤት ሽንት ቤትም ከአጥሩ ማዶ ጥቂት እርምጃ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ከሱ የሚሰርገው ፍሳሽ አጥር አያግደውም። ጉድጓዱ የአንድ ሰው ይሁን እንጂ ውሃው የሰፈሩ ነው፤ ጥበቃውም ለአንድ ሰው ጥንቃቄ ሊተው አይገባም።

«ውሃው ኩልል ያለ ነው፣ አባቶቻችንም ጠጥተውት ኖረዋል» የሚሉ አሉ። አባቶች ሲጠጡት በዙሪያው ይህን ያህል ሽንት ቤት አልነበረም። ጥራቱም በዓይን አይለይም፦ ኩልል ያለው ውሃ ሰገራ የነካው ከሆነ፣ መመርመሪያ ወረቀት ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ተሞልቶ ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይጠቁራል። ማፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን መጨመር ለጀርም ፍቱን ነው፤ ለሁሉም ግን አይሆንም። ከሽንት ቤት የሚመጣው ናይትሬት በሊትር ከ50 ሚሊግራም ሲያልፍ በጡጦ ለሚመገብ ሕፃን አደገኛ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ የሚበዛው ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊግራም ሲያልፍ ጥርስን ያበልዛል፣ እጅግ ሲበዛም አጥንትን ይጎዳል። ውሃ ሲፈላ ሁለቱም አይጠፉም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን ክምችታቸው ይጨምራል።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ቁጥጥር ሲመጣ ክፍያና እሸጋ ይከተላል፤ ቧንቧ ያላዳረሰ መንግሥት ደግሞ ጉድጓድ የመዝጋት መብት የለውም። ይህ ስጋት እውነት አለው። ስለዚህ መነሻው ፈቃድ ሳይሆን ምዝገባና ነጻ ምርመራ ይሁን። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጉድጓዶችን ሊመዘግቡና ናሙና ሊወስዱ ይችላሉ፤ ውጤቱም ለቤተሰቡ በጽሑፍ ይሰጥ። «ለልብስ እንጂ ለመጠጥ አይሁን» የሚል ወረቀት ጉድጓዱን ሳይዘጋ ሕይወት ያድናል። ግዴታ መጣል ካለበት ግን ከአከራዮች ይጀመር፤ ተከራይ ጉድጓዱን አልመረጠውም፣ የምርመራውን ውጤት የማወቅ መብት ግን አለው።

እስከዚያው የጉድጓዱን አፍ ከመሬት ከፍ አድርገው በክዳን ይዝጉት፤ ገመዱንና ባልዲውን መሬት ላይ አይጣሉ። በቤትዎ በጡጦ የሚመገብ ሕፃን ካለ ደግሞ ውሃው በላቦራቶሪ ሳይመረመር ወተቱን በጉድጓድ ውሃ አይበጥብጡ።