ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር ከመለገሳችን በፊት

የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራት፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖችና ግብረ ሠናይ ድርጅቶች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር ሲለግሱ ማየት የተለመደ ነው። ርክክብ ይደረጋል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ዓመት ሁለት ዓመት ሲያልፍ ግን በብዙ ቦታ የኮምፒውተር ላቡ ተቆልፎ ይገኛል። ስጦታው ከልብ የተሰጠ፣ በደስታም የተቀበሉት ነበር። የቀረው ከማሽኑ ጋር አብሮ መታሰብ የነበረበት ነገር ነው፤ እሱም መብራት፣ መምህር፣ የሚሠራበት ፕሮግራምና የጥገና ገንዘብ ነው። በየተራ እንያቸው።

ጉዳዩ ለምን ያስቸኩላል?

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀቱ ጎን ለጎን በኦንላይን ተሰጥቷል። ማውዝ ይዞ የማያውቅ ተማሪ መልሱን እያወቀ እንኳ ከስክሪኑ ጋር ሲታገል ሰዓቱ ያልቅበታል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የፕሮግራሚንግን፣ የዳታ ሳይንስን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን መሠረታዊ ትምህርት በነፃ ይሰጣል። ሥልጠናው ነፃ ይሁን እንጂ መሣሪያና ኢንተርኔት ለሌለው ልጅ አይደርሰውም። የከተማ ልጅ በቤቱ ወይም በኢንተርኔት ቤት ይለማመድ ይሆናል። ለብዙ የገጠር ወረዳ ተማሪ ግን ያለው ዕድል የትምህርት ቤቱ ላብ ብቻ ነው።

ከፕላዝማ ምን እንማር?

በ1990ዎቹ መጨረሻ መንግሥት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ቴሌቪዥን አስተክሎ ትምህርት በሳተላይት ማሰራጨት ጀምሮ ነበር። በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ ያስታውሰዋል። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት ያልፋል፤ ስርጭቱ ቆሞ አይጠብቅም። ተማሪው ካልገባው መምህሩ አቋርጦ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረውም። ዕቃው ሲበላሽ ደግሞ በአካባቢው የሚጠግን ባለሙያ ማግኘት ይከብድ ነበር። ቴክኖሎጂው በራሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። መምህሩን ዳር አስቀምጦ፣ መብራቱንም አይጠፋም ብሎ የታቀደ ስለነበር ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ስንሰጥ ያንኑ ስሕተት መድገም የለብንም።

መጀመሪያ መብራቱ

ከአሜሪካ ለሚላክ ዴስክቶፕ አንድ ትንሽ ነገር ትልቅ ኪሣራ ታመጣለች። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው። በብዙ አሮጌ ዴስክቶፖች ጀርባ፣ የመብራት ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ ትንሽ ቀይ ማብሪያ የምትመስል ነገር አለች፤ 115 እና 230 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈውባታል። በ115 ላይ እንዳለች ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ በቅጽበት ይቃጠላል። ስለዚህ ከመሰካት በፊት እያንዳንዱን ሲፒዩ አዙሮ ማየትና ቁጥሩን ወደ 230 መግፋት ያስፈልጋል። ማብሪያዋ የሌለችባቸውም ቢሆኑ በጀርባቸው የተጻፈው የቮልት መጠን መነበብ አለበት። የላፕቶፕ ቻርጀሮች አብዛኛዎቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ችግር የለባቸውም።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ከዴስክቶፕ ይልቅ ላፕቶፕ ይመረጣል፤ ባትሪው እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ ያደርሳል፣ ፍጆታውም አነስተኛ ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ከበጀቱ ውስጥ መግባት አለበት። ሃያ ማሽን በዲቫይደር ላይ ዲቫይደር ቀጥሎ ማሠራት ለእሳት አደጋ ይዳርጋል። ኤሌክትሪሺያን ክፍሉን አይቶ መስመር እንዲዘረጋ መክፈል የስጦታው አካል ነው።

መምህሩ ጊዜ ይኑረው

የአይሲቲ መምህሩ በብዙ ትምህርት ቤት ሦስት ሰው ነው። ያስተምራል፤ የተበላሸ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ የፈተና ወቅት ሲደርስ ደግሞ የሌሎች መምህራንን ፈተና ይተይባል፣ ያባዛል። ላቡ ከሚዘጋባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። በላዩ ላይ ፍርሃት አለ። ንብረቱ በስሙ ወጪ ስለሆነ አንድ ማውዝ ቢጠፋ እሱ ይጠየቃል፤ ስለዚህ መቆለፉ ይቀለዋል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ርእሰ መምህሩ ላቡን ከክፍል ውጭ በሳምንት ለተወሰኑ ሰዓታት ክፍት የሚያደርግ ፕሮግራም ያውጣ። የሚከታተል ረዳት ወይም የአይሲቲ ክበብ ተማሪዎች ይመደቡ። በአገልግሎት የተበላሸ ዕቃ በመምህሩ ዕዳ እንዳይሆን በጽሑፍ ይወሰን። ለጋሹም ለመምህሩ የክረምት ሥልጠናና የትራንስፖርት አበል ቢመድብ ከተጨማሪ ሁለት ኮምፒውተሮች የበለጠ ይጠቅማል።

ኢንተርኔት ከሌለስ?

ያለ ኢንተርኔትም ብዙ መሥራት ይቻላል። ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ከተማ ውስጥ ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ትምህርቶቹ አንድ ጊዜ ይወርዱና በሃርድ ዲስክ ወደ ትምህርት ቤቱ ይወሰዳሉ። አንዱ ኮምፒውተር እንደ ሰርቨር ይሆናል፤ ሌሎቹ በራውተር ተገናኝተው የካን አካዳሚን ቪዲዮና መልመጃ ከእሱ ይከፍታሉ። ፌት የሚባሉት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ማሳያዎችም በዚሁ መንገድ ይገኛሉ። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ተማሪ ባትሪና አምፖል በስክሪን ላይ አገናኝቶ ከረንት ሲፈስ ያያል። አብዛኛው ይዘት በእንግሊዝኛ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ ግን ከመጽሐፉ ጋር አይጋጭም።

ፕሮግራሚንግ ለሚጀምሩ ደግሞ ስክራች አለ። በአማርኛ ሊከፈት ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ከተጫነ በኋላም ኢንተርኔት አይፈልግም። ትእዛዞቹ እየተጎተቱ ስለሚገጣጠሙ ገና ኪቦርድ የሚለማመድ ልጅ በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ሠርቶ ይወጣል። ከዚያ ወደ ፓይተን መሸጋገር ይቻላል።

ጥገና ከመጀመሪያው ይታሰብ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ብዙ አሮጌ ማሽኖች ደግሞ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። ለእነዚህ ነፃ የሆነውን ሊነክስ መጫን ጥሩ አማራጭ ነው፤ መጻፊያና የሒሳብ ሠንጠረዥ መሥሪያ አብሮት ይመጣል። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዛመቱት የዊንዶውስ ቫይረሶችም እዚያ ላይ ብዙ አያስቸግሩም።

አንዳንድ ብልሽት የሚመስል ነገር በትንሽ ወጪ ይስተካከላል። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ የሚሳሳት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ናት። በጣም የሚዘገይ ማሽን ራም ሲጨመርለትና ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ሲተካ ሌላ ዕድሜ ያገኛል። አቧራ ደግሞ ማራገቢያውን አፍኖ ማሽኑን ስለሚያግለው በየሴሚስተሩ መነፋት አለበት።

ማውዙን የያዘው ማን ነው?

60 ተማሪ ባለበት ክፍል 20 ኮምፒውተር ቢኖር ሦስት ተማሪ በአንድ ማሽን ይቀመጣል። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አሥሩ በመግባትና በመክፈት ቢያልፍ ለአንዱ የሚደርሰው አሥር ደቂቃ ነው። ሥርዓት ካልወጣለት ያንን ጊዜ ቀድሞም የሚያውቀው ልጅ ይወስደዋል፤ ሌሎቹ፣ በተለይም ብዙ ሴት ተማሪዎች፣ እያዩ ይወጣሉ። መምህሩ በየአሥር ደቂቃው ቦታ እንዲቀያየሩ ቢያደርግ ምንም ወጪ ሳይኖር የሚማረው ልጅ ቁጥር ይጨምራል።

ለለጋሾች

ከመግዛታችሁ በፊት ርእሰ መምህሩን እነዚህን ጠይቁ። የአይሲቲ መምህር አለ? በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ይይዛል? መብራት በቀን ምን ያህል ይቆያል? ከዚህ በፊት የተሰጡት ኮምፒውተሮች ምን ሆኑ? ከውጭ የምትልኩ ከሆነ የቀረጥ ነፃ ፈቃዱ ዕቃው ሳይነሣ ይለቅ፤ ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ በቆየ ቁጥር ኪራይ ይቆጥራል።

ገንዘቡንም በሦስት ክፈሉት፤ አንዱ ለማሽን፣ ሁለተኛው ለመብራትና ለክፍሉ ዝግጅት፣ ሦስተኛው ለመምህሩ ሥልጠናና ለጥገና ይሁን። ይህ ሲደረግ የኮምፒውተሩ ቁጥር ይቀንሳል፤ ይቀንስ። ያሰባችሁት ሠላሳ ወደ አሥር ቢወርድና አሥሩም በሦስተኛው ዓመት ተማሪ ተቀምጦባቸው ቢገኙ ልገሳችሁ ግቡን መትቷል። በርክክቡ ዕለት የሚፈረመው ውልም በየዓመቱ መጨረሻ ስንቱ እንደሚሠራ ትምህርት ቤቱ ሪፖርት እንዲያደርግ፣ እናንተም ለተበላሸው ድርሻችሁን እንድትሸፍኑ የሚያስገድድ ይሁን።