ሠርጉ በጥር፣ ቪዛው መቼ?

የጥር ወሩ ሠርግ ካለፈ ሁለት ወር ሆነ። ድንኳኑ ተነሥቷል፣ ቪዲዮው ተቀነባብሮ መጥቷል፣ ሙሽራው የሦስት ሳምንት ፈቃዱን ጨርሶ ወደሚኖርበት አገር ተመልሷል። ሙሽሪት እዚሁ መገናኛ አካባቢ ናት። የቢሮ ባልደረባ፣ የግቢ ጎረቤት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ድንገት ያገኘቻት የድሮ የክፍል ጓደኛ ሳትቀር የሚጠይቋት አንድ ነገር ነው፤ «መቼ ነው የምትሄጂው?» መልሷም አንድ ነው፤ «ፕሮሰስ ላይ ነው»።

ይህን መልስ እናንተ ወይም ልጃችሁ፣ እህታችሁ የምትሰጥ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ይመለከታችኋል። ሚስት ውጭ ሆና ባል እዚህ የሚጠብቅበት ቤትም ብዙ ነው። እንዲያውም ለወንዱ «አሁንም አልሄድክም?» የምትለዋ ጥያቄ ሳትከብድ አትቀርም።

አንዲት የቅርብ ጓደኛዬ ጥር 8 ቀን 2014 ዓ.ም. አገባች። ባሏ የአሜሪካ ዜጋ ነው። ጥቅምት 2015 ላይ የመጀመሪያው ማመልከቻ መጽደቁን ሰምታ «እንግዲህ በሦስት ወር ትሄጃለሽ» ያላትን ሰው አመነች። ስድስት ዓመት ከሠራችበት መሥሪያ ቤት ለቀቀች፣ የተከራየችውን ቤት አስረከበች፣ ሶፋና ፍሪጇን ለጎረቤት ሸጠች። ከዚያ በኋላ 14 ወር እናቷ ቤት ተቀመጠች።

ብዙዎቻችን የምንጠይቀው እሷ የጠየቀችውን ነው፤ «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ይህን ጥያቄ በእርግጠኝነት የሚመልስ ሰው የለም። በአንድ የቪዛ ጉዳይ ውስጥ ግን ሁለት ሰዓቶች ይቆጥራሉ። አንዱ የመሥሪያ ቤቶቹ ሰዓት ነው፤ እሱን መግፋት አትችሉም። ሁለተኛው የእናንተ ወረቀቶች ሰዓት ነው፤ የሚታደሰው፣ የሚቃጠለው፣ የሚታረመው። የምንጨነቀው ለመጀመሪያው፣ የሚጎዳን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ከመልሱ በፊት ወረዳ

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት እና በባህል የተፈጸመን ጋብቻ እኩል ያውቃል። ተክሊል ያደረጋችሁም ኒካህ ያሰራችሁም ባልና ሚስት ናችሁ። ኤምባሲው ግን ቄሱንም ቃዲውንም አያውቃቸውም፤ የሚያውቀው የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 760/2004) ደግሞ ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል።

አሁን የሙሽራውን ሦስት ሳምንት አስቡት። ሽማግሌ፣ ቀለበት፣ ሠርግ፣ መልስ፣ ቅልቅል፣ ከዚያ ሁለት ቀን ቢሾፍቱ። ወረዳው ለመጨረሻዋ ሐሙስ ይቀራል። ሐሙስ ሲደርስ «ሲስተም የለም» ይባላል፣ ወይም አንዱ ምስክር ክፍለ ሀገር ወርዷል፣ ወይም ሙሽራው ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ሳይዝ መጥቷል። ዓርብ ማታ ይበርራል። ያ ጋብቻ የሚመዘገበው ሙሽራው በሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ያላገባ ማስረጃውን (ፈትቶ ከሆነ የፍቺውን ውሳኔ) እዚያው ሳለ በአገሩ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አስረጋግጦ ይምጣ። እዚህ እንደደረሰም ከአዳራሽ ክፍያው በፊት ወረዳ ሂዱ። ሙሽሪት ገና ፀጉሯን ሳትሠራ የጋብቻ ወረቀት መያዟ ሠርጉን አያደበዝዘውም።

ወረቀቱን ስትቀበሉ እዚያው መስኮቱ ፊት ቆማችሁ አንብቡት። ሁለት ስሕተት ይበዛል። አንደኛው የስም አጻጻፍ ነው፤ በፓስፖርቷ ላይ በ«አይ» የምታልቀው ጸሐይ በጋብቻ ወረቀቱ ላይ በ«ዋይ» ታልቃለች፣ የአያት ስም አንዱ ላይ ገብቶ ሌላው ላይ ይቀራል። ሁለተኛው የቀን ልወጣ ነው። ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በፊት ባሉት ወሮቻችን ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ላይ 8 ዓመት ነው የሚደመረው። ጥር 8 ቀን 2014 በእነሱ ጃንዋሪ 16 ቀን 2022 ነው። የጓደኛዬ ወረቀት ላይ 2021 ተብሎ ነበር የተጻፈው። እሱን ለማሳረም ብቻ ሁለት ወር ሄደባት፤ ያም የታወቀው ሁሉም ሰነድ ገብቶ ካለቀ በኋላ ነው።

ዜጋ ነው ወይስ ግሪን ካርድ?

የብዙ ቤት ጉዳይ አሜሪካ ስለሆነ እሱ ላይ ቆየት ልበል። መንገዱ በአጭሩ ይህ ነው። እዚያ ያለው ሰው አይ 130 የተባለውን ማመልከቻ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ያስገባል። ሲጸድቅ ፋይሉ ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል (ኤን ቪ ሲ የሚሉት) ይሄዳል። እዚያ ክፍያ ይከፈላል፣ ዲ ኤስ 260 ይሞላል፣ የገቢ ማረጋገጫና የእናንተ ሰነዶች ይላካሉ። ሁሉም ተሟልቷል ሲባል ነው እንጦጦ መንገድ ላይ ባለው ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ ወረፋ የሚያዘው። «ጸድቋል» የሚለው ኢሜይል እንግዲህ የመጀመሪያው በር ነው። ጓደኛዬን ያሳታት እሱ ነው።

ላኪው ዜጋ ከሆነ በዓመት የሚሰጠው የቪዛ ቁጥር ገደብ የለውም። ግሪን ካርድ ያዥ ከሆነ ግን ኤፍ 2 ኤ በሚባለው ምድብ ወረፋ ትይዛላችሁ። ወረፋው የት እንደደረሰ የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየወሩ በሚያወጣው ቪዛ ቡለቲን ላይ በነፃ ይታያል፤ ለማንም ከፍላችሁ የምትሰሙት ነገር አይደለም። ባልየው መሀል ላይ ዜግነት ቢያገኝ ጉዳዩ ወደ ዜጋ ሚስት ይለወጣል፣ ብዙ ጊዜም ይፈጥናል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ቤተሰብ የማያውቃት ወጥመድ አለች። በግሪን ካርዱ ምድብ ልጅ በእናቱ ፋይል ሥር ተካትቶ ይሄዳል። በዜጋው ምድብ ግን ልጅ በእናት ፋይል አይሄድም፤ ለእሱ ለብቻው ማመልከቻ መግባት አለበት። ከቀድሞ ትዳር ልጅ ያላት ሚስት ባሏ ዜጋ ሆኖላት ደስ ሲላት፣ ልጇ ከፋይሉ እንደወጣ ኤምባሲ በር ላይ የምትሰማበት አጋጣሚ አለ። ዜግነቱ በተገኘ ሳምንት የልጁ ማመልከቻ ይግባ።

ዲቪ የደረሰው ሰው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ሰዓቱ ጨካኝ ነው። የፕሮግራሙ ዓመት የሚያልቀው ሴፕቴምበር 30፣ ማለትም መስከረም 20 አካባቢ ነው፤ እስከዚያ ቪዛ ያልተመታላት ሚስት በዚያ ዕድል አትሄድም። ሲሞላ ባለትዳር ሆኖ ሚስቱን ያልጻፈ ሰው ዕድሉ ራሱ ይሰረዝበታል።

«እጮኛ ብለን እናስገባ፣ ይፈጥናል» የሚል ምክርም ትሰማላችሁ። የእጮኛ ቪዛ ላልተጋቡ ሰዎች ነው። በሽማግሌና በድንኳን የተዳረ ሰው እጮኛ ነኝ ሲል የሠርጉ ፎቶ ራሱ ይመሰክርበታል።

ሌሎቹ አገሮች

የጀርመን ኤምባሲ እዚሁ የካ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ቀበና ነው። ጀርመን ላለ ሰው የምትሄድ ሚስት እንደ ደንቡ የጀርመንኛ ኤ 1 ደረጃ ታሳያለች፤ ብሉ ካርድ ያለው ባለሙያ ሚስት ከዚህ ነፃ ናት። ትምህርቱም ፈተናውም ስድስት ኪሎ ያለው የጎተ ተቋም ይሰጣል። የቀጠሮው ወረፋ እስኪደርስ ትምህርቱን መጀመር ነው፤ ቀጠሮው ሲመጣ ትምህርት መፈለግ ከጀመራችሁ ወራት ታጣላችሁ።

እንግሊዝ ላይ ጉዳዩ የባል ደመወዝ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዝቅተኛው ዓመታዊ ገቢ ከ18,600 ወደ 29 ሺህ ፓውንድ አድጓል። በእንክብካቤ ሠራተኝነት ቪዛ የሄዱ ደግሞ ከመጋቢት 2016 ጀምሮ የትዳር ጓደኛም ልጅም ይዘው መግባት ተከልክለዋል። «አንደኛችን ቀድመን እንግባ፣ ሌላው ይከተላል» ብላችሁ ያቀዳችሁ ካላችሁ ዕቅዱን ዛሬውኑ ከልሱት።

ስለ ካናዳ አንድ ነገር ብቻ። ባል መጀመሪያ ካናዳ ሲገባ ፎርሙ ላይ ሚስት እንዳለችው ካልጻፈ፣ በኋላ ሊወስዳት ሲል እንደ ቤተሰብ እንዳትቆጠር ሕጉ ይከለክላል። «ነጠላ ብል ይቀላል» ተብሎ የተጻፈች አንዲት ቃል የስንቱን ቤት ዘግታለች።

የሚቃጠሉት ወረቀቶች

የጤና ምርመራ፣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ፣ ፓስፖርት። እነዚህ ሦስቱ ቀድማችሁ ካወጣችኋቸው ይቃጠላሉ፣ ዘግይታችሁ ካወጣችኋቸው ያስቀሯችኋል።

ፓስፖርቱን ቀድሙት፤ ሊያልቅ ዓመት የቀረው ፓስፖርት ለዚህ ጉዞ አሮጌ ነው። ከፌዴራል ፖሊስ የሚወጣውን ማስረጃ ግን ሲጠሯችሁ ወይም ሊጠሯችሁ ሲቃረብ አውጡ። አረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ሚስት ካለች የዚያንም አገር የፖሊስ ማስረጃ ልትጠየቅ ትችላለች። አሜሪካ ለምሳሌ ከ16 ዓመት ዕድሜ በኋላ 12 ወርና ከዚያ በላይ የኖራችሁበትን አገር ይጠይቃል። ከቤይሩት ወይም ከሪያድ ወረቀት ማስመጣት የአንድ ቀን ሥራ አይደለምና እሱን ከወዲሁ ጀምሩት።

የጤና ምርመራው ኤምባሲው በመረጣቸው ሐኪሞች ዘንድ ብቻ ነው የሚደረገው። ለአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ያገለግላል፤ የእንግሊዝ የቲቢ ማስረጃም 6 ወር። እዚህ ላይ ማንም ቀድሞ የማይነግራችሁ ነገር አለ። የሳንባ ራጁ ላይ ጥላ ከታየ፣ የድሮ ጠባሳም ቢሆን፣ የአክታ ምርመራ ይታዘዛል፤ የአክታው ባህል ውጤት እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። በሽታው ከተገኘ ሕክምናው ወደ 6 ወር ነው። ቲቢ ይድናል፣ ቪዛውንም ለዘለዓለም አያስከለክልም። ግን ቲኬት ቆርጦ፣ ሽኝት ደግሶ ለምርመራ የሄደ ሰው ምን እንደሚሆን ገምቱት። በልጅነታችሁ ታክማችሁ ከሆነ የሕክምና ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ።

በዚህ ሁሉ መሀል የትዳሩን ማስረጃ ሰብስቡ። 600 ሰው የታደመበት አልበም ቆንጆ ነው፤ ቆንስላውን የሚያሳምነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተራው ነገር ነው። የሁለት ዓመት የስልክ ልውውጥ፣ እሱ ሁለተኛ ጊዜ የመጣበት ቲኬት፣ በባንክ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ። በሰው እጅና በጎን የሚላከው ብር ምንዛሪው ቢያጓጓም ደረሰኝ የለውም። ቃለ መጠይቁ ላይ «ባልሽ ስንት ሰዓት ሥራ ይገባል?» ሊባል ይችላል፤ በየቀኑ የሚያወሩ ሰዎች ይህን ለማወቅ ማጥናት አያስፈልጋቸውም።

መገናኛ ካሉት ሕንጻዎች አንዱ ውስጥ ገብታችሁ ፎርም በክፍያ ብታስሞሉ ነውር የለውም። «ውስጥ ሰው አለኝ» ወይም «ይህን ቀን እንቀይረው» ከተባላችሁ ግን ቦርሳችሁን አንሥታችሁ ውጡ። በሐሰት ሰነድ የተያዘ ሰው ከካናዳ ለ5 ዓመት፣ ከአሜሪካ ለዕድሜ ልክ ይታገዳል፤ የሚታገደው ደግሞ አስሞዪው እንጂ ሞዪው አይደለም።

ሥራችሁንስ? ቪዛ የተመታበት ፓስፖርት እጃችሁ እስኪገባ አትልቀቁ። የአሜሪካ የስደት ቪዛ ከተመታ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 6 ወር ጊዜ ይሰጣል። የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥታችሁ፣ ቤት አስረክባችሁ፣ ዕቃ ሸጣችሁ፣ ዘመድ ተሰናብታችሁም ይተርፋችኋል። እኔ ማርኬቲንግ ነው የምሠራው፤ የዘመቻ ሰሌዳ ሲወጣ ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ መቁጠር ለምዶብኛል። እዚህ ግን የመጨረሻው ቀን የተሰጣችሁ ፓስፖርቱ ሲመለስ ነውና ቆጠራውም ከዚያ ይጀምር። ልጅ መውለድንም «ከሄድኩ በኋላ» እያሉ የሚያራዝሙ አሉ። እሱን የሚወስኑት ባልና ሚስት ናቸው፤ ኤምባሲው ቀን እንዲቆርጥላችሁ ባትጠብቁት እመርጣለሁ።

የጓደኛዬ ቪዛ የመጣው ታኅሣሥ 2016 ላይ፣ ትዳሯ 23ኛ ወሩን ሲይዝ ነው። ባሏ በዚያው ሳምንት ቲኬት ሊቆርጥ ነበር። እሷ ግን እስከዚያ ድረስ መመሪያውን ራሷ ማንበብ ለምዳ ስለነበር «ቆይ» አለችው። አሜሪካ በምትገባበት ቀን ጋብቻው 2 ዓመት ካልሞላው የሚሰጣት የ2 ዓመት ግሪን ካርድ ነው። እሱ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው አይ 751 የሚባል ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ የትዳር ማስረጃ፣ ሌላ «ፕሮሰስ» ይመጣል። 2 ዓመት ከሞላው ግን የ10 ዓመቱን ታገኛለች። ቪዛዋ ገና ወራት ነበሩት። ባሏ ሁለት ቀን አኮረፈ፣ እናቷ ግን ደስ አላቸው። የገና ዶሮ አብረው ሠሩ፣ ጥር 8 አለፈ፣ የጥምቀትን ዋዜማ ከእናቷ ጋር አሳለፈች። ጥር 12 የየካ ሚካኤልን ታቦት ሸኝታ፣ በማግስቱ ማታ በረረች።