ውኃን በቀጠሮ መጠበቅ፦ ከማይ ሹም እስከ ትንሹ አቃቂ



የጥንት ሕዝቦች ውኃን እንዴት ያስተዳድሩ እንደነበር ስንጠይቅ ዐይናችን አስቀድሞ የሚያርፈው በግድቡ፣ በቦዩና በገንዳው ላይ ነው። እኔ ዛሬ ላስረዳ የምወደው ግን ድንጋዩን ለዘመናት በሥራ ላይ ያቆየውን ሥርዓት ነው። ሐሳቤ በአጭሩ ይህ ነው፦ አምልኮው ለውኃው ቀን ቆርጦለት ነበር፤ ቀን የተቆረጠለት ውኃ ደግሞ ጠባቂ አያጣም።

ከአክሱም እንጀምር። ከተማዪቱ ዝናቧን በአብዛኛው የምታገኘው በክረምት ነው፤ በጋው ረጅም ነው። ስለዚህ ዓለት ተፈልፍሎ ማይ ሹም የተባለው ኩሬ ተበጀ። ሕዝቡ የንግሥተ ሳባ መታጠቢያ ይለዋል። ወደ ውኃው የሚያወርዱት ደረጃዎች ከዚያው ዓለት የተጠረቡ ናቸው። ነዋሪው ሲቀዳው የኖረው ይኸው ውኃ የጥምቀት በዓልም ይከበርበታል። ስሙን ልብ በሉ፤ «ማይ» በግእዝ ውኃ ነው፤ «ሹም» ደግሞ ኃላፊ። ውኃና ኃላፊነት በአንድ ስም ተጣምረዋል።

በላሊበላ ጥያቄው ተገላቢጦሽ ነበር። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ከምድር ገጽ ዝቅ ብለው የተፈለፈሉ በመሆናቸው የክረምቱ ጎርፍ ሊያጥለቀልቃቸው ይችል ነበር። ፈልፋዮቹ ወለሉን አዘቅዝቀው፣ ቦዮችንም ቀድደው፣ ጎርፉ ዮርዳኖስ ወደተባለው ወንዝ እንዲወርድ አደረጉ። በአንጻሩ በቤተ ማርያም ቅጥር ግቢ ውኃ የሚቋትበት ኩሬ አለ፤ ልጅ የሚሹ ሴቶች በገና ሰሞን በእምነት ይነከሩበታል። አንዱን ውኃ ማስወገድ፣ ሌላውን ማኖር የአንድ ዕውቀት ሁለት ገጽታ ነው።

በጎንደር የዐፄ ፋሲል መዋኛ ተብሎ የሚታወቀው ገንዳ ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሐ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ነው። ጥር 11 ቀን የሚውለው ዝናቡ ካቆመ ከወራት በኋላ ነው፤ ወንዙ ቀንሷል። በዚህ ወቅት ገንዳውን መሙላት የሚቻለው መስመሩ ከተጠረገ፣ ግድግዳውም ካላፈሰሰ ነው። ስለዚህ በዓሉ፣ ከመንፈሳዊ ትርጉሙ በተጨማሪ፣ በየዓመቱ የማይቀር የጥገና ቀጠሮ ነው።

ይህ ሥርዓት የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። በቦረና ጥልቅ የኤላ ጉድጓዶች ወጣቶች እርስ በርስ ተደራርበው ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ውኃውን እየተቀባበሉ ያወጡታል። የየዕለቱን ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊ አለ። በዚያ ደረቅ ምድር ከብት ውኃ የሚያገኘው በጉልበት ሳይሆን በተራ ነው።

እንግዲህ ወደ ደጃችን እንመለስ። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ትንሹ አቃቂ ያልፋል። የቤታችን ውኃ ከሩቅ በቧንቧ፣ ያውም በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ወንዙ ለመጠጣችን አያስፈልገንም ብለን ፊታችንን አዙረንበታል። የመጸዳጃ ቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይገባበታል። ይሁንና በመካኒሳና በላፍቶ ዳርቻዎች ጎመንና ሰላጣ የሚለማው በዚሁ ውኃ ነው። በቧንቧ የሸሸነው ወንዝ በመሶብ ተመልሶ ይመጣል።

የቧንቧን ጥቅም አልክድም። ክፍት ኩሬ በሽታ ያመጣል፤ ወደ እንስራ እንመለስ የሚል አስተዋይም የለም። ነገር ግን ቧንቧው ሲመጣ የቀረው እንስራው ብቻ አይደለም፤ ቀጠሮውም ቀርቷል። ዛሬ ለትንሹ አቃቂ የተቆረጠ ቀን የለም፤ የሰፈሩ ሰው በስሙ የሚጠራው አባ ሄሬጋም የለውም። የፍሳሽ ማጣሪያ መሥራት የመንግሥትና የመሐንዲስ ድርሻ ነው፤ ብዙ ገንዘብም ይጠይቃል። ለየወንዙ ክፍል ኃላፊ መሰየም፣ በዓመት አንድ ቀን ቆርጦ የውኃውን ሁኔታ በአደባባይ መመርመር፣ ውጤቱንም አትክልት ለሚያለማውና ለሚገዛው መንገር ግን ከዚያ አስቀድሞ ሊጀመር ይችላል።

ጥንታውያን ውኃን ያከበሩት ቅዱስ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ነገ እንደሚመለሱበት ያውቁ ነበር። እኛም ወደ ትንሹ አቃቂ በየቀኑ እንመለሳለን፤ በየገበታችን።