ስለ ሳይቶካይን መመርመሪያ ኪት ንግድ

የከሚሴ መድኃኒት ነጋዴ የደም መመርመሪያ ኪት ከአዲስ አበባ በሚያዝበት ጊዜ ከዋጋው አስቀድሞ ስለ ሙቀቱ ሊያስብ ይገባዋል። ኪቱ የሚለካቸው ሳይቶካይን የተባሉት ፕሮቲኖች፣ ሰውነት በሽታን ሲከላከል ሕዋሳቱ መልእክት የሚላላኩባቸው ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ኢንተርፌሮን ጋማ ይባላል። የቲቢ ተሕዋሲ የገባበት ሰው ደም ከተሕዋሲው ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ይህን መልእክተኛ ስለሚያመነጭ፣ ሕመሙ ያልተገለጠበትን ሰው እንኳ ለማወቅ ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ተሕዋሲው ያንቀላፋበትን ከታመመው አይለይም። በ1962 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ስለ ሥጋ ደዌና ስለ ቲቢ ባደረገው ምርመራ ይህን ፕሮቲን ሲለካ ኖሯል።

የአለካኩ ዘዴ ኤላይዛ ይባላል፤ በ1971 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም የታወቀ ነው። በፕላስቲክ ፕሌት ላይ ያሉት 96 ጥቃቅን ጉድጓዶች የሚፈለገውን ፕሮቲን በሚይዝ አንቲቦዲ ተቀብተዋል። ናሙናው ሲጨመር ፕሮቲኑ ይያዛል፤ ኢንዛይም የተሸከመ ሁለተኛ አንቲቦዲ ከላዩ ያርፋል፤ በመጨረሻም ቀለም ይወጣል። ቀለሙ በደመቀ መጠን ፕሮቲኑ ብዙ ነው።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው በዚህ 96 በሚለው ቍጥር ነው። ኳንቲፌሮን ፕላስ በሚባለው የቲቢ ምርመራ 8 ጉድጓድ ለማነጻጸሪያ ይያዛል፤ ለአንድ ሰውም 4 ቱቦ ደም ስለሚቀዳ 4 ጉድጓድ ይሄዳል። ስለዚህ አንዱ ፕሌት ለ22 ሰው ብቻ ይበቃል። ዋጋው በሰው ቍጥር ይተመን።

የኤላይዛው ክፍል ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት። ባዶዎቹ ቱቦዎች ከ4 እስከ 25 ዲግሪ ይጠበቃሉ፤ በከሚሴ በረሃማ ወራት የሱቅ መደርደሪያ ከዚህ በላይ መሞቁን ባለሱቁ ያውቀዋል። ደሙ ከተቀዳ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ነጋዴ በለመደው ልማድ ቱቦውን በበረዶ ሣጥን ቢከት ምርመራው ይበላሻል። ደሙ ከ17 እስከ 27 ዲግሪ ሆኖ በ16 ሰዓት ውስጥ 37 ዲግሪ ወዳለው ኢንኩቤተር መግባት አለበት። ከከሚሴ እስከ አዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ አንድ የተበላሸ መኪና ብቻ የቀኑን ሥራ ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። ኢንኩቤተር በዚያው በከሚሴ ቢኖር ግን ቱቦው ከ16 እስከ 24 ሰዓት ከቆየበት በኋላ፣ ከ4 እስከ 27 ዲግሪ ተጠብቆ እስከ 3 ቀን ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ከኪቱ ጋር ኢንኩቤተሩንና መብራት ሲጠፋ የሚተካውን ባትሪ አብሮ የሚያቀርብ ነጋዴ ለደንበኛው እውነተኛ አገልግሎት ይሰጣል።

በባቲ ገበያ ከብት የሚነግዱ ሰዎችም እንዳይሳሳቱ፣ የሰው ኪት የበሬን ኢንተርፌሮን አይለካም፤ ለከብት የተሠራው ሌላ ነው።

አስመጪው ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት አለበት። «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ኪት ለሕሙማን ምርመራ አይሸጥም፤ የባች ቍጥሩ የተለያየ ዕቃም አይቀላቀልም። የመጠቀሚያው ጊዜ የሚያበቃበትን ቀን ከማዘዝ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።