ራምቦ የሞተበት መጽሐፍ

ልጆች ሳለን ሽምብጥ አካባቢ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተጋረደ፣ መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። ራምቦን ያየሁት እዚያ ነው፤ ስንቴ እንዳየሁት እንጃ። ተርጓሚው ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ስታሎን ያላለውን ሁሉ ያስብለው ነበር። "ቆይ፣ ሳላሳይህ!" ሲል ቤቱ በፉጨት ይናጋል።

ከዚያ ወጥተን ወደ ጣና ዳር እንሮጣለን። ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች ደንገል በሚያሰጡበት ቦታ አንድ የቀድሞ ወታደር ይቀመጥ ነበር። የነተበ የወታደር ካፖርት ይለብሳል፣ ፀጉሩ ተንጨባሯል፣ ከማንም ጋር አያወራም። "ራምቦ!" እያልን እንጠራዋለን። አንዳንዴ ጠጠርም እንወረውር ነበር። ዞር ብሎ ያየናል እንጂ አይሳደብም፣ አያባርርም። እኛ ደግሞ ቅር ይለናል፤ ራምቦ እንዴት ዝም ይላል?

ፊልሙ ከልብ ወለድ የተወሰደ መሆኑን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ፣ ከአንድ መጽሐፍ አዟሪ ላይ ሽፋኑ የተገነጠለ ቅጂ ሳገኝ ነው። ዴቪድ ሞሬል "ፈርስት ብለድ"ን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1972፣ የቬትናም ጦርነት ገና ሳያበቃ ነው። ፊልሙ የወጣው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1982።

በፊልሙ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ቲዝል ክፉ ነው፤ አለቀ። መጽሐፉ ግን አንዴ ከራምቦ፣ አንዴ ከቲዝል ጭንቅላት ውስጥ እያስገባ ነው የሚተርከው። ቲዝልም ወታደር ነበር፤ የእኛ ቃኘው ሻለቆች በዘመቱበት በኮሪያ ተዋግቶ የተሸለመ። ሚስቱ ትታው ሄዳለች። ሁለት የጦር ሜዳ ሰዎች አንዱ ሌላውን ሳያውቀው ሲጠፋፉ ታያላችሁ፤ ለማን እንደምታጨበጭቡ ይጠፋችኋል።

አክሽን ፊልም ደም ያበዛል ብላችሁ የምታስቡ ከሆነ እዚህ ላይ ተሳስታችኋል። በፊልሙ ያ ሁሉ ተኩስ እያለ በግልጽ ሲሞት የምናየው አንድ ፖሊስ ብቻ ነው፤ እሱም ከሄሊኮፕተር ወድቆ። በመጽሐፉ ግን ራምቦ ፀጉሩን ሊላጩት ሲሉ በዚያው ምላጭ አንዱን ፖሊስ ገድሎ፣ ራቁቱን በሞተር ሳይክል ይሸሻል። ከዚያ በኋላ ሬሳው ይበዛል። ፊልም ሠሪዎቹ እንድንወደው ፈልገው እጁን አጠቡለት።

መጨረሻውም እንዲሁ። በመጽሐፉ ራምቦ ይሞታል፤ የሚገድለው ራሱን የመሰለ ወታደር የሚያሠለጥነው ትራውትማን ነው። ቲዝልም አይተርፍም። ለፊልሙ ራምቦ የሚሞትበት መጨረሻ ተቀርጾ ነበር፤ የሙከራ ተመልካቾች ስላልወደዱት ተቀየረ። ሰውም ገበያም ይህን ወደደ። የሞተ ሰው ክፍል ሁለት የለውማ! በ1985 ራምቦ ቬትናም ተመልሶ ሲተኩስ ቪዲዮ ቤታችን ሞልቶ ፈሰሰ።

ይሄ ነገር የፈረንጅ ብቻ አይደለም። "ፍቅር እስከ መቃብር" በቴሌቪዥን ድራማ እንደሚመጣ የሰማሁ ቀን መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሰብለ አልነበረም፤ ስለ አበጀ በለው ነው። ገበሬዎቹ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚነሱበት ታሪክ ለካሜራ የተመቸ ነው፣ ጠመንጃ አለ፣ ፈረስ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ግን ክብደቱ ያለው ገበሬው ለምን እንደተነሳ ላይ ነው። ምሬትን መቅረጽ ጥይትን ከመቅረጽ ይከብዳል።

መጽሐፉን ስጨርስ ወደ ጣና ዳር ወረድኩ። ከዚያ በፊት ስንት ዓመት እንዳልሄድኩ አልነግራችሁም። ደንገል የሚያስሩ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ።

"አባባ፣ እዚህ ይቀመጥ የነበረው ወታደር የት ሄደ?"

"ራምቦን ነው? ሞተ እኮ፣ ልጄ። ቆየ።"

"ስሙ ማን ነበር?"

ሥራቸውን አላቆሙም። ሞሬል በመጽሐፉ ለራምቦ የራሱን ስም አልሰጠውም፤ "ጆን" ያለው ፊልሙ ነው።

"እንጃ" አሉ። "ቄሱም ለፍትሐት የክርስትና ስሙን ሲጠይቁ የሚያውቅ ጠፋ።"