ከአቃቂ ወንዝ ወደ ማዕድ

ጉሊት ላይ ቆስጣ የሚገዛ ሰው «የት የበቀለ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ «የደብረ ዘይት ነው» ይባላል። ሻጯ ዋሸች ለማለት አይደለም፤ ከአከፋፋይ ተረክባ የምትሸጥ ስለሆነች ብዙውን ጊዜ እሷም አታውቅም። ያም ሆኖ ጥያቄው መጠየቁ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። የአዲስ አበባ ሸማች በአቃቂ ወንዝ ስለሚለማው አትክልት ሲሰማ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሰምቶ ግን ምን ማድረግ እንዳለበት የነገረው የለም።

ነገሩ ከከተማዋ አቀማመጥ ይጀምራል። አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ የሚነሱት ጅረቶች አቃቂ ሜዳ እስኪደርሱ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይወርዳሉ። ቀበናና ግንፍሌን የመሰሉት ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ፤ የምዕራቡ የከተማ ክፍል ደግሞ ወደ ትንሹ አቃቂ ይፈስሳል። ሁለቱም አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ያመራሉ። በመንገዳቸው ላይ ጋራዥ፣ የቄራ ደም፣ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ ከወንዝ ዳር ቤቶች በቀጥታ የሚለቀቅ የሽንት ቤት ፍሳሽ ይቀበላሉ። ላይ ያለው ሰፈር የጣለውን ታች ያለው ይረከባል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የወቅቱ ጉዳይ ነው። ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ሲያጓራ ቆሻሻው ይበረዛል፤ ያን ጊዜ ግን ዝናቡ ስላለ የመስኖ ፍላጎት የለም። ገበሬው ሞተሩን አስነስቶ ከወንዙ የሚስበው በበጋ ነው፤ በበጋ ደግሞ በወንዙ ውስጥ የሚፈሰው በአብዛኛው የከተማዋ ፍሳሽ ነው። ውሃው እጅግ በሚፈለግበት ወር እጅግ የቆሸሸ ሆኖ ይገኛል።

ጥናት አልጠፋም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ታምሩ ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ ቁጥጥር የሌለው የቆሻሻ አወጋገድ የከተማዋን ወንዞች ምን ላይ እንዳደረሳቸው አሳይተዋል። በዓመቱ ፍስሃ ኢታና በከተማዋ ውስጥ የሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎችን በላቦራቶሪ መርምረው በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ላይ ውጤቱን አወጡ። ከዚያ ጥናት ለወጥ ቤት የሚጠቅም አንድ ግኝት ነበረ፤ ከባድ ብረቶችን አነስ አድርጎ የሚይዘው ጥቅል ጎመን ሲሆን፣ ሰላጣና ቆስጣ ግን በርከት አድርገው ያከማቻሉ። ከዚያ ወዲህ በዚሁ ጉዳይ የተጻፉት የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፎች ብቻ መደርደሪያ ይሞላሉ። አብዛኞቹ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ናሙና ተወሰደ፣ ተለካ፣ ከዓለም አቀፉ ጣሪያ ጋር ተነጻጸረ፣ «የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጥ» ተብሎ ተዘጋ። ሰላጣው በተደጋጋሚ ተለክቷል። ሰላጣውን የሚበላው ሰው ደሙና ሽንቱ የተመረመረባቸው ጥናቶች ግን ከዚያ ጋር ሲተያዩ እጅግ ጥቂት ናቸው። የጤና ፖሊሲ የሚያስፈልገው ደግሞ በዋናነት ይህ ሁለተኛው ዓይነት መረጃ ይመስለኛል፤ ባለሥልጣን በቆስጣ ቅጠል ውስጥ ባለ ካድሚየም አይደነግጥም፤ በሕፃናት ደም ውስጥ ባለ እርሳስ ግን ይደነግጥ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ አደጋዎች ይምታታሉ። አንደኛው ጀርም ነው፤ ኮሌራ፣ ታይፎይድ፣ ወስፋት፣ መንጠቆ ትል። ይህ አደጋ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ወጥ ቤት ውስጥ አለ፤ ማብሰል ይገድለዋል፤ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብም ይቀንሰዋል። ሁለተኛው ብረቱ ነው። እርሳስ፣ ካድሚየም ወይም ክሮሚየም በሥር ተስቦ ቅጠሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ሎሚም አቼቶም አያወጣውም፤ መቀቀልም አያጠፋውም። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ለዓመታት ይከማቻል። ለእርሳስ ደግሞ ጉዳት አያደርስም የሚባል መጠን እንደማይታወቅ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ ዋናው ተጎጂም የሕፃን አእምሮ ነው። ስለዚህ «አትክልት በደንብ እጠቡ» የሚለው ምክር ለመጀመሪያው አደጋ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን ምንጩ ላይ፣ ቱቦው አፍ ላይ ካልያዙት ሌላ መያዣ የለውም። እናቶችን ማስተማር ፋብሪካን ከመቆጣጠር ይቀልላል፤ ምክሩ የበዛው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ገበሬውን ወንጀለኛ ማድረግም ቀላል ነው። መካኒሳ ወይም ጎፋ አካባቢ በማለዳ የወረደ ሰው የሚያየው ይህን ነው፦ ቆስጣው ታጭዶ በእስር በእስር ታስሯል፤ አጫጁ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ እስሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ነክሮ ያወጣል፤ ጭቃው ይለቅና ቅጠሉ ያብረቀርቃል። የታጠበው በዚያው በሚያጠጡበት ውሃ ነው። ገበያው የሚፈልገው ትኩስ የሚመስል ቅጠል ስለሆነ እንዲህ ያደርጋል። በዚህ ሥራ ቀድሞ የሚታመመውም እሱ ነው። አለበል ባይራው ከባልደረቦቻቸው ጋር ያደረጉት ጥናት በፍሳሽ በተበከለ ውሃ የሚያለሙ ቤተሰቦች በንጹሕ ውሃ ከሚያለሙት ይልቅ በአንጀት በሽታ እንደሚጠቁ አሳይቷል። ቦት ጫማና ጓንት ያን ያህል ውድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ፍሳሽን ለእርሻ መጠቀምን ጨርሶ አልከለከለም፤ ውሃውን በኩሬ ማስረጋት፣ ከአጨዳ በፊት ለቀናት ማጠጣት ማቆም፣ ምርቱን በንጹሕ ውሃ ማጠብ እያለ ጥንቃቄውን በየደረጃው ያከፋፍላል። ጀርሙን በተመለከተ ይህን ማድረግ ቢሊዮን ብር አይጠይቅም።

ሕጉ ደግሞ ከተጻፈ ቆይቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ደፋር አንቀጽ አለው፤ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይፈቀድለታል። አፓፕ በሚል አህጽሮት የሚታወቀው የባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 ይህን በር አንኳኳ። የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ሲበከሉ ዝም ብሏል በማለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሰሰ። ክሱ ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገባ ውድቅ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ነባር ፋብሪካዎች እንዲያስተካክሉ የአምስት ዓመት ጊዜ ሰጠ። ጊዜው ካለፈ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። በመካከሉ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ራሱ ከባለሥልጣንነት ወደ ሚኒስቴር፣ ከሚኒስቴር ወደ ኮሚሽን፣ ከኮሚሽን ተመልሶ ወደ ባለሥልጣንነት ተዛውሯል። የበር ሰሌዳው በተቀየረ ቁጥር ፋይሉና ባለሙያው ምን እንደሚሆን መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ፍትሐዊ ለመሆን የተሠራም ሥራ አለ። የቃሊቲው የፍሳሽ ማጣሪያ ተስፋፍቶ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጓል፤ በእኔ አመለካከት ለአቃቂ ከተደረጉት ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ምንም እንኳ ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ብዙም ባይወራለትም። ሆኖም ማጣሪያው የሚያጣራው በመስመር የደረሰውን ነው፤ ከዋናው መስመር ጋር ያልተገናኘው ቤት ብዙ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ትኩረት የሳበው ግን የወንዝ ዳርቻ ልማቱ ነው። «ሸገርን ማስዋብ» 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍንና 29 ቢሊዮን ብር እንዲፈጅ ታቅዶ፣ ለአንድ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት እራት ተደግሶለት ተጀመረ። የእግር መንገዱ ያምራል፤ አልክድም። ዳርቻን ማስዋብና ቱቦን መዝጋት ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ፎቶ አለው፣ ሁለተኛው የለውም። በ2017 ዓ.ም. የከተማ አስተዳደሩ ወደ ወንዝ የሚለቅን በከባድ ገንዘብ የሚቀጣ ደንብ ማውጣቱ ወደ ሁለተኛው የሚወስድ እርምጃ ነው። ደንቡ መሥራቱ የሚታወቀው በተሰበሰበው ቅጣት ብዛት አይደለም፤ የየፋብሪካው መልቀቂያ ቱቦ በየወሩ ተለክቶ ውጤቱ በስም ለሕዝብ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ተመራማሪውም ከቆስጣው ቅጠል ተነስቶ ወደ ኋላ መገመቱን ትቶ ከምንጩ መጀመር ይችላል።

ወንዙ ግን ደንቡ የሚያበቃበት ወሰን ላይ አይቆምም። አባ ሳሙኤል የሚገኘው ከአዲስ አበባ ወጥቶ በኦሮሚያ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያ የውሃ ኃይል ማመንጫ የነበረው ይህ ግድብ ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ በ2009 ዓ.ም. በቻይና ድጋፍ እንደገና ሥራ ጀምሯል፤ ሐይቁ ላይ ግን የከተማዋ ፍሳሽ የመገበው እምቦጭ ተዘርግቷል። ከግድቡ በታች ያሉት አርሶ አደሮችም በአዋጁ መሠረት የማመልከት መብት አላቸው። ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚያመለክቱ ለመወሰን ግን መጀመሪያ ቱቦው በየትኛው ክፍለ ከተማ እንዳለ ማወቅ ይኖርባቸዋል።